ቁጥሩን የምንሞላው ለማን ነው?

ሰኔ ሲገባ ደሴ ውስጥ የትኛውም ትምህርት ቤት ስታፍ ብትገቡ የምታዩት ያው ነው። ጠረጴዛውን ሙሉ የሸፈነ ሮስተር ተዘርግቷል። አንዱ መምህር ከማርክ ሊስቱ ላይ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው በስልኩ ካልኩሌተር ይደምራል። «አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።» «ሃምሳ በላት በቃ፣ ምን አጨቃጨቀን!» ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ማህተም ይመታል። አንዱ ቅጂ ሪከርድ ክፍል ይገባል። ማጠቃለያው ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይጓዛል። መምህሩም እፎይ ብሎ ለክረምት ይበተናል።

መስከረም ላይ ያው መምህር አዲስ ክፍል ይረከባል። ልጆቹ አምና ምን ምን ላይ እንደወደቁ የሚነግረው ወረቀት ግን በእጁ የለም። ወረቀቱ አለ፣ ሪከርድ ክፍል ተቀምጧል። እንዳያየው የከለከለው የለም። ሄዶ የመጠየቅ ልማዱ ነው የሌለው።

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ወሬው ሁሉ ዕቃ ላይ ያርፋል። ኮምፒዩተር ስንት አለ? ታብሌቱ መቼ ይመጣል? ኢንተርኔቱ ለምን ይቆራረጣል? ዕቃ አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ግን የደሴም የኮምቦልቻም ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ መረጃ ሲሰበስቡ ነው የሚውሉት። የጎደለው እዚያው ቁጭ ብሎ መረጃውን የሚያነበው ሰው ነው።

ከጠመኔ እስከ ስታንፎርድ

በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አሜሪካዊ ምሁር አሉ። ላሪ ኩባን ይባላሉ፣ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። እኔን የሚስቡኝ ሥራቸውን ከዩኒቨርሲቲ ስላልጀመሩ ነው። መጀመሪያ በክሊቭላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከ1974 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ የአርሊንግተን ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆኑ፣ እኛ ጋ የትምህርት መምሪያ ኃላፊ እንደምንለው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፕሮፌሰር የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ጠመኔ ይዘዋል፣ ሪፖርት ተቀብለዋል፣ ምርምር ሠርተዋል። ስለ ክፍል ሲናገሩ የማዳምጣቸው ለዚህ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር። ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በየተራ ወደ ክፍል ሲገቡ ምን ሆነ? መልሱ በየዘመኑ ያው ሆኖ አገኙት። መጀመሪያ ትልቅ ተስፋ ይነገራል። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ፊልም ይተካቸዋል ብሎ ነበር። ቀጥሎ ጥናት ይመጣና መሣሪያው ያስተምራል ይላል። ከዚያ መምህራኑ ብዙም እንደማይነኩት ይታወቃል። በመጨረሻ ጥፋቱ ሁሉ መምህሩ ላይ ይደፈደፋል። ኩባን ግን አልፈረዱበትም። መምህሩ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ፣ ደወል እያሯሯጠው ነው የሚሠራው። ሥራውን የሚያቀልለትን ይወስዳል፣ የሚያወሳስብበትን ይተዋል። ጠመኔና ሰሌዳ እስከ ዛሬ የቆዩት በመምህሩ ስንፍና አይደለም።

ቆየት ብለው ደግሞ የኮምፒዩተር አገር በሆነው ሲሊከን ቫሊ ያሉ ትምህርት ቤቶችን አጠኑ። ኮምፒዩተር ሞልቷል፣ ኢንተርኔት አለ። መምህራኑ ቤታቸው ትምህርት ሲያዘጋጁ ይጠቀሙበታል። ክፍል ሲገቡ ግን አብዛኞቹ ያስተምሩ የነበረው እንደ ድሮው ነው። እዚያ እንዲህ ከሆነ እዚህ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

መገመትም አያስፈልግም፣ አይተነዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይሰጥና ጊዜ ይቆጥራል። ጊዜው ሲያልቅ ገባችሁም አልገባችሁም መልሱን ነግሮ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር የሚናገርባት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። ስለ ፕላዝማ ብዙ ተብሏል፣ ፍጥነቱም ቋንቋውም ተነቅፏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ፕላዝማ ይናገራል እንጂ አይሰማም ነበር። ከክፍሉ ልጆች ስንቱ እንደገባው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያንን ማወቅ ይችል የነበረው ጥግ ላይ እንዲቆም የተደረገው መምህር ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ጦርነቱ አለ። በ2014 ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበሩበት ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ባሉት ግቢዎቹ ተዘርፏል፣ ትምህርት ቤቶችም ከዚያ አላመለጡም። የተዘረፈውን መተካት ግዴታ ነው። ሲተካ ግን ለምን ሥራ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባ ነበር፤ ጥያቄው ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ጥያቄ ቁጥር 7

ኔዘርላንድ ውስጥ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ኪም ስኪልድካምፕ ነገሩን ከሌላ ጫፍ ይዘውታል። ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ቁጥሩ ነው ያጠኑት። ከባልደረቦቻቸው ጋር የዘረጉት አሠራር የመረጃ ቡድን ይባላል። ከአራት እስከ ስድስት መምህራን፣ አንድ ወይም ሁለት የትምህርት ቤት አመራሮች፣ ከውጭ ደግሞ አንድ አጋዥ። ቡድኑ አንድ ችግር ይመርጣል። ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጽፋል። መረጃ ይሰበስባል፣ መረጃው የሚታመን መሆኑን ይፈትሻል፣ ይተነትናል፣ ትርጉሙን ይነጋገርበታል፣ እርምጃ ይወስዳል፣ በመጨረሻም እርምጃው መሥራቱን ይመዝናል። በወረቀት ሲታይ የማንኛውም ሥልጠና ስላይድ ይመስላል።

ጨዋታው ያለው ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ቡድኖቹ መጀመሪያ የጻፉት ምክንያት በመረጃ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። ያ የመጀመሪያ ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመምህሩ ክፍል ውጭ ያለ ነገር ነው፦ ከታች ክፍል ሳይማሩ መጡ፣ ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም። የእኛንም ስታፍ ታውቁታላችሁ። «መሠረት የላቸውም።» «ወላጅ አይከታተልም።» «ቲክቶክ ነው ያጠፋቸው።» ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ማናችን ነን ቆጥረን ያየነው?

ምሳሌ ልስጥ። የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነው እንበል። ሃያ ጥያቄ አለው፣ የክፍሉ አማካይ ዘጠኝ ሆነ። ሮስተሩ የሚነግረን ይህንን ብቻ ነው። ስታፉም ሒሳብ አይወዱም ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። አሁን የፈተና ወረቀቶቹን አንስተን በጥያቄ እንቁጠር። ጥያቄ ቁጥር 7 እንዲህ ይላል፦ 800 ብር የነበረ ሸሚዝ በ25 በመቶ ቅናሽ ተሸጠ፤ በስንት ብር ተሸጠ? ምርጫዎቹ 200፣ 600፣ 775 እና 825 ናቸው። መልሱ 600 ነው።

775ን የመረጠ ልጅ ከ800 ላይ 25 ቀንሷል። በመቶ ማለት ምን እንደሆነ አልገባውም። ከሥሩ ጀምሮ እንደገና መማር አለበት። 825ን የመረጠው መቶኛውም አልገባውም፣ ቅናሽ የሚለውም አምልጦታል። 200ን የመረጠው ግን ሌላ ልጅ ነው። የ800ን 25 በመቶ አስልቷል፣ ሒሳቡን ያውቃል። ያመለጠው ጥያቄው ነው። የተጠየቀው የቅናሹ መጠን ሳይሆን የመሸጫው ዋጋ መሆኑን አላየም። 9ኛ ክፍል ላይ ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሱ። ይህን ልጅ አሥር ጊዜ መቶኛ ብታስተምሩት ለውጥ አታመጡም። የሚያስፈልገው ጥያቄ አንብቦ መረዳት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ያገኙት ዜሮ ነው፣ ሮስተሩም አይለያቸውም። ቲዩቶሪያል ሲጀመርም ሁሉም አንድ ክፍል ይገባሉ፣ ያው ትምህርት በያው መንገድ ይደገምላቸዋል። ከዚያ «ቲዩቶሪያል ሰጠናቸው፣ ለውጥ የለም» ይባላል፣ ሪፖርትም ይጻፋል። ችግሩን ለማየት ያስፈለገው አንድ ነጠላ ወረቀትና እስክሪፕቶ ነበር። ኮምፒዩተር ቢኖር ቆጠራው ይፈጥናል፣ ያ ጥሩ ነው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ስታፍ ግን ኮምፒዩተር ቢሰጡትም የሚሠራበት ያንኑ ሮስተር ነው።

አቴንዳንስም እንደዚሁ ነው። እኛ የምናነበው በስም ነው፦ እገሊት ስንት ቀን ቀረች፣ ወላጅ ይጠራ። እስቲ በቀን አንብቡት። ቀሪው የሚበዛው በገበያ ቀን ከሆነ ነገሩ የቤተሰብ ገቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ እናት በፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ ከሆነና ቀሪው ከፈረቃዋ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ ታናሽ ወንድም የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነው። የጠፋው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ የደሴ ጠዋት ጉምና የታክሲ ወረፋ አለበት። ሦስቱም ወላጅ በመጥራት አይፈቱም።

መቶኛው ሲያድግ ማን ጎደለ?

ቁጥር ማንበብ አለመቻል የመምህራን ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሀገር ሙሉ ይፈተናል።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው ለ2014 ተፈታኞች ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሁሉም ደነገጠ። በ2015 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። እያደገ ነው፣ እሰየው። ግን 2015ን እና 2016ን ጎን ለጎን አድርገን ትንሽ እንቆይ። በ2015 ወደ 845 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ 27,267 አለፈ። በ2016 ወደ 675 ሺህ ተፈትኖ 36,409 አለፈ።

ከዚህ ሦስት አርዕስተ ዜና መጻፍ ይቻላል። አንዱ «የማለፍ ምጣኔ በ2.2 መቶኛ ነጥብ ብቻ ጨመረ» ይላል። ሌላው «የማለፍ ምጣኔ በሁለት ሦስተኛ ገደማ አደገ» ይላል። ሦስተኛው «ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ጨመረ» ይላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያዩት ተፈታኙ ስለቀነሰ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 170 ሺህ ተፈታኝ ከሒሳቡ ወጥቷል።

የት ሄዱ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንዱ ግን እኛው ደጅ ላይ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ለፈተና ይጠበቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ሳይቀመጡ ቀርተዋል። ከገጠር ወረዳ መጥቶ ደሴ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ የማያውቅ ማን አለ? እሱ ዕድለኛው ነው። ዘመድ ያላገኘው ልጅ አልወደቀም፣ አላለፈምም። መቶኛው ውስጥ የለም። መቶኛ ስታዩ መጀመሪያ «ከስንት?» በሉ፣ ቀጥሎ «ከዚያ ውስጥ ማን የለም?» በሉ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልኝ።

«ከስንት?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሌላ ጉድ ይወስደናል። የትምህርት ተሳትፎ ምጣኔ የሚሰላው የተመዘገበውን ልጅ ለትምህርት በደረሰው ልጅ ቁጥር በማካፈል ነው። የተመዘገበውን ትምህርት ቤቱ ቆጥሯል። ለትምህርት የደረሰውን ማን ቆጠረው? ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ስለዚህ የምናካፍልበት ቁጥር ከ1999 ተነስቶ የተሠራ ግምት ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በመካከሉ ኮምቦልቻ ላይ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ሰው ከየአካባቢው ጎርፏል። ደሴና ዙሪያዋ ተፈናቃይ ተቀብለዋል፣ ሸኝተዋል፣ እንደገና ተቀብለዋል። ግምቱ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

ለዚህ ነው አንዳንዴ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ በላይ ሆኖ የምታዩት። ስብሰባ ላይ ሲነበብ ሰው ይስቃል፦ ከመቶ ልጅ መቶ አሥሩ ተመዘገበ? ማንም አልዋሸም። ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜው ያለፈውንም ያልደረሰውንም ተመዝጋቢ ስለሚቆጥር ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። የታችኛው ቁጥር ከእውነተኛው ካነሰ ደግሞ ይብሳል። ንጥር ተሳትፎ የሚባለው ዕድሜው የደረሰውን ብቻ ስለሚቆጥር የተሻለ ነው፣ ከግምቱ ግን እሱም አያመልጥም። ሪፖርት ላይ ተሳትፎ የሚል ስታዩ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ወሎ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ የቢሮ ጨዋታ ነው ማለት አይቻልም። በ1965 እና በ1966 ረሃብ ጊዜ ሰብሉ መበላሸቱ ለመንግሥት ያልደረሰ ወሬ አልነበረም። ነገሩ ታፍኖ ቆየ። ዓለም በሰፊው ያወቀው በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው መሳቢያ ውስጥ የቀረ መረጃ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ስንተኛ ወጣህ?»

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ወላጅ ካርድ ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። ጎረቤትም የሚጠይቀው እሱን ነው። ደረጃ ግን ከሚያሳየው የሚደብቀው ይበልጣል። ሰባተኛ የወጣው 81.2፣ አሥራ አንደኛ የወጣው 80.9 ሊሆን ይችላል። ያቺ ሦስት አሥረኛ አንዲት ጥያቄ ናት። ለአንዱ ጫማ ይገዛለታል፣ ሌላው ኩርኩም ይቀምሳል። አምና 62 የነበረችና ዘንድሮ 74 ያመጣች ልጅ ደግሞ ሃያኛ ስለወጣች ማንም አያመሰግናትም። ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ያደገችው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች። ካርድ ስትቀበሉ የየትምህርቱን ውጤት ካለፈው ሴሚስተር ጋር አስተያዩ። የወረደውን ትምህርት ይዛችሁ መምህሩን አናግሩ። ደረጃውን ለጎረቤት ተዉት።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ከላይ ያነሳኋት «ሃምሳ በላት» ቀልድ ብቻ አይደለችም። ዕቅድ ከላይ ሲወርድ የማለፊያ መቶኛ ተጽፎበት ይወርዳል። መምህሩ ሲገመገም በእሱ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ተከታታይ ምዘና ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ተጀመረ። ብዙ ቦታ ግን ለደብተር አምስት፣ ለተሳትፎ አምስት፣ ለቡድን ሥራ አሥር እየተባለ ሁሉም ልጅ ሙሉ የሚያገኝበት ሆነ። የቡድን ሥራውን የሠራው አንድ ልጅ ነው፣ ማርኩን የወሰዱት አምስት ናቸው። ከዚያ ካርዱ ሰማንያ ይላል፣ ብሔራዊ ፈተናው አርባ ይላል፣ ወላጅ ግራ ይጋባል። ቁጥሩ መምህሩን የሚቀጣ ከሆነ መምህሩ ቁጥሩን ያስተካክለዋል። እኔም ብሆን አደርገው ይሆናል። የኔዘርላንዱ ጥናትም እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ መረጃ ለማሻሻል የሚያገለግለው መተማመን ባለበት ቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄ 7ን የቆጠረ ቡድን ያገኘው ነገር የማንም ግምገማ ላይ መግባት የለበትም።

ቴሌግራምንም ሳላነሳ አላልፍም። ሮስተር ፎቶ ተነስቶ ከነስም፣ ከነማርክ፣ ከነደረጃ የክፍል ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። መረጃ ማንበብ የሚችል ሰው መረጃው የማን እንደሆነም ያውቃል። ሀገሪቱ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። አዋጁ ባይኖርስ? የወደቀን ልጅ ማርክ ለጎረምሳ ሁሉ መበተን ነውር ነው።

ማን ያሠልጥን?

ኤለን ማንዲናክ የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራቸው ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነበር። ቆይተው ወደ መረጃ ዞሩ። ከኢዲት ጉመር ጋር ሆነው አበክረው የሚሉት አንድ ነገር አለ። የመምህራን ማሠልጠኛዎች ፈተና ማውጣትና ማረም ያስተምራሉ፣ ያ መረጃን መጠቀም ከመቻል ጋር አንድ አይደለም። ታርሞ የመጣውን ወረቀት ይዞ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ያንን ብዙም የሚያስተምር የለም።

እኛ ጋ ይህን የሚያስተምር ሰው ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም እዚሁ ነው። መምህራኑም በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ይጠበቅባቸዋል። ሰዓቱ በወረቀት አለ ማለት ነው። አሁን የሚያልቀው ፎርማት በመሙላትና ፎልደር በማደራጀት ነው። ተግባራዊ ምርምርም አለ። ርዕስ ይመረጣል፣ መጠይቅ ይበተናል፣ «የወላጅ ክትትል ማነስ» የሚል መደምደሚያ ይጻፋል፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከ60ው ሰዓት አሥሩ ብቻ የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን የራሳቸውን ፈተና በጥያቄ ለሚቆጥሩበት ሥራ ቢውል፣ ከዩኒቨርሲቲውም አንድ መምህር መጥቶ አብሯቸው ቢቀመጥ፣ የመረጃ ቡድን የሚባለው ይኸው ነው።

በየትምህርት ቤቱ አንድ ምስኪን የአይቲ መምህር አለ። ኤክሴል ስለሚችል የሁሉም ክፍል ሮስተር እሱ ላይ ይቆለላል። ፕሪንተር ሲበላሽም እሱ ነው፣ የስብሰባ ማይክ ሲጮህም እሱ ነው። ኩባን ያዩት ነገር ይኸው ነው፤ ማሽኑ ሲመጣ አሮጌው ሥራ ይፈጥናል እንጂ አይለወጥም። ልጆቹ ደግሞ ክፍል ገብተው ሲፒዩ ምንድን ነው የሚለውን ይሸመድዳሉ። እስቲ ኤክሴሉን ለነሱ ስጧቸው። በየሳምንቱ የጤፍ፣ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ከገበያ ጽፈው ይምጡ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የኑሮ ውድነቱን ራሳቸው ያስሉት። በልግ ሲገባ ግቢው ውስጥ ዝናብ ይለኩ። ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ፋብሪካዎቹን አልፈው ሲሄዱ ውኃቸው ምን እንደሚሆን ተመራማሪዎች አጥንተዋል፣ የከባድ ብረታ ብረት ብክለትም አግኝተዋል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከፋብሪካው በላይና በታች የውኃውን ሙቀትና ቀለም መዝግቦ ግራፍ መሥራት አያቅተውም። ይህ ልጅ ቴሌግራም ላይ የሚዞር ግራፍ ሲያይ «ከስንት?» ይላል።

መምህሩ የሚመልሰውን አውቃለሁ። ደመወዙ ወር አያደርስ፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ያስተምራል፣ አሁን ደግሞ ቆጠራ ጨመራችሁበት። እውነቱን ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ እንኳ ጊዜ ያልተመደበላቸው ቡድኖች ሥራው ከብዷቸዋል። ስለዚህ ሥራው ሲጨመር ሌላ ሥራ መቀነስ አለበት። መምሪያዎቹ በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚጠይቋቸውን ፎርማቶች ይደርድሩና ባለፈው ዓመት ማንም አንብቦ ምንም ያልወሰነባቸውን ይለዩ። እነዚያን ይሰርዙ። የተረፈው ሰዓት ለዲፓርትመንቶቹ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሒሳብ ሚድ ፈተና ሲታረም ጥያቄ በጥያቄ መቁጠር ይጀምሩ።